ስለ ጌታችን ልደት የተሠራው የሕፃናት ፊልም ለቤተ ሰብ ይስማማልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከሚማሩት ወንድሞቻችን አንዱ ለልደት በዓል ወደ ቁይ ሲመጣ አንድ የሕፃናት የካርቱን ፊልም በፍላሽ ይዞ መጣ። ፊልሙ ስለ ጌታችን ልደት የሚናገር ስለ ሆነ «ለሕፃናት ክፍል በአዳራሻችን እናሳይ» ሲል ጠየቀን። ከመካከላችን አንዳንዶቹ «መልካም ነው፤ ልጆቹ በየቤቱ ከሚያዩት ዘፈንና ድብድብ ይሻላል» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «አህያና ውሻ የሚቀልዱበትን ነገር የጌታ ልደት ብለን በቤተ ክርስቲያን አናሳይም» አሉ። ክርክሩም በረታ። በመጨረሻ ፊልሙን አስቀድመን እኛ እንድናየው፥ ቀጥሎም ከጥቂት ልጆች ጋር ሆነን እንድንመረምረው ተስማማን። ያየነውንና የተማርነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን። ነገ ሌላ ፊልም ሲመጣ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በራሱ ለመመዘን ይረዳው ይሆናል ብለን እናምናለን።

ሀ. ፊልሙ ምን ይላል?

የፊልሙ ስም «ዘ ስታር» ማለትም «ኮከቡ» ይባላል። ቲሞቲ ሬካርት ያዘጋጀው፥ ሶኒ ፒክቸርስ አኒሜሽን በአሜሪካ ያወጣው ሲሆን ለሕዝብ የታየው ኅዳር 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 86 ደቂቃ ነው።

ታሪኩ የሚዞረው ቦ በተባለ ትንሽ አህያ ላይ ነው። ቦ በናዝሬት ወፍጮ ሲያዞር ይኖር ነበር፤ ምኞቱ ግን ከንጉሥ ጓዝ ጋር በክብር መጓዝ ነው። አንድ ቀን ከወፍጮው አምልጦ ቆስሎ ሲሸሽ እመቤታችን አግኝታ ታስታምመዋለች። በኋላም ከጓደኞቹ ከርግብና ከበግ ጋር ሆኖ እርስዋንና ዮሴፍን ተከትሎ ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል። ከኋላቸው ሄሮድስ የላከው አሳዳጅ ከሁለት ውሾቹ ጋር ይከታተላቸዋል። በፍጻሜውም የንጉሥን ጓዝ ሲመኝ የነበረው አህያ የነገሥታትን ንጉሥ በማኅፀንዋ የያዘችውን እናት መሸከሙን ይረዳል።

እውነቱን እንናገር፤ ይህ አሳብ መልካም ነው። ክብርን በሰልፍና በጌጥ የፈለገ በትሕትና አገልግሎት አገኘው። እንዲሁም አሳዳጆቹ ውሾች ሊወድቁ ሲሉ ቦና ጓደኞቹ ያድኑአቸዋል፤ በዚህ ጠላትን መውደድ ይታያል። ይህን ለልጅ ማስተማር የሚከፋ ነገር የለውም።

ለ. እንስሳ ቢናገር ነውር አለውን?

በመጀመሪያ የተነሣው ተቃውሞ «አህያ እንዴት ይናገራል?» የሚል ነበር። ነገር ግን በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 የበለዓም አህያ በሰው አንደበት ተናግራ ጌታዋን ገሥጻዋለች። ጌታችንም በሆሳዕና ዕለት በአህያ ተቀምጦ ወደ ኢየሩሳሌም ገብቷል። በቤተ ክርስቲያናችን የልደት ሥዕሎች ላይም ላምና አህያ ከግርግሙ አጠገብ ቆመው፥ ሕፃኑን በትንፋሻቸው ሲያሞቁት እናያለን። እናቶቻችንም በምድጃ ዳር የነገሩን ተረት በቀበሮ፥ በጅብና በዝንጀሮ የተሞላ ነው። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስንት ትውልድ ያሳደጉት በተረት አይደለምን? ስለዚህ እንስሳው መናገሩ ብቻውን ፊልሙን አያስነቅፈውም። መጠየቅ ያለበት እንስሳው ወደ ማን እንደሚያመለክት ነው።

ሐ. በምን ሚዛን እንመዝን?

አንደኛ፥ ከወንጌል ጋር እናስተያየው። ቅዱስ ሉቃስ ስለ ብሥራቱ፥ ስለ ሕዝብ ቈጠራው፥ ስለ ግርግሙና ስለ እረኞቹ ይጽፋል። ቅዱስ ማቴዎስ ደግሞ ስለ ኮከቡ፥ ስለ ሰብአ ሰገልና ስለ ሄሮድስ ይጽፋል። ፊልሙ ሁለቱን በአንድ ሌሊት አጣምሮ ያሳያል። የሚያሳድዱት ውሾች፥ ርግቡና በጉ በወንጌል የሉም፤ የተጨመሩ ናቸው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው የተተወው ነው። ሄሮድስ በቤተ ልሔም ያስፈጃቸው ሕፃናትና ወደ ግብፅ የተደረገው ስደት በፊልሙ አይታዩም። እኛ ግን ስደቱን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በዘመነ ጽጌ 40 ቀን ሙሉ፥ ቀጥሎም ኅዳር 6 ቀን በቁስቋም በዓል እናስበዋለን። ልጁ ፊልሙን ብቻ ካየ ልደቱ ያለ ስደት፥ ደስታውም ያለ መስቀል ይቀርበታል።

ሁለተኛ፥ ስለ እመቤታችንና ስለ ዮሴፍ ምን ያስተምራል? ፊልሙ ዮሴፍን ወጣት ሙሽራ አድርጎ የሠርግ ድግስ ያሳያል። እመቤታችንም እንደ ማንኛዪቱም የሰፈር ልጃገረድ ሆና ትታያለች። በእኛ ትምህርት ዮሴፍ እርስዋን እንዲጠብቅና እንዲያገለግል የታጨ አረጋዊ ነው፤ እመቤታችንም ዘላለማዊት ድንግል ናት። የፊልሙ ሠሪዎች ይህን ትምህርት ስለማያውቁት ሊሆን ይችላል፤ ተንኰል ነው አንልም። ይሁን እንጂ ልጅ በዓይኑ ያየውን በቀላሉ አይረሳምና ወላጅ ይህን ሳያስረዳ ማለፍ የለበትም።

ሦስተኛ፥ መቼ ይታያል? የምዕራባውያን የልደት በዓል በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን ይውላል፤ የእኛ ግን ታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ 28) ነው። የዲሽ ጣቢያዎች የበዓል ፊልሞችን የሚያሳዩት እኛ ኅዳር 15 የጀመርነውን ጾመ ነቢያት ገና ሳንፈጽም ነው። እናት ሽሮ እየሠራች፥ አባት ሰዓት እየጠበቀ፥ ልጁ ግን በመስኮቱ ውስጥ በዓሉን 13 ቀን ቀድሞ ያከብራል። ይህም ልጁ ጾምን ከበዓል እንዳይለይ ያደርገዋል።

በዚህ ወቅት ከሚታዩት ፊልሞች ብዙዎቹ ደግሞ የጌታን ስም እንኳ ማእከል አያደርጉም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን «ፖላር ኤክስፕሬስ» ብንመለከት ልጆች በባቡር ወደ ሰሜን ዋልታ ሄደው የገና አባትን ያያሉ። የገና አባት የሚባለው ምስል መነሻ በ4ኛው መቶ ዓመት የሜራ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው፤ በፊልሙ ግን ጳጳሱም ጸሎቱም የሉም፤ በረዶና ስጦታ ብቻ ቀርተዋል። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር «ኮከቡ» ቢያንስ ወደ ግርግሙ ያደርሳል።

አራተኛ፥ በልጁ ልብ ምን ይቀራል? ይህን ለማወቅ ልጁን መጠየቅ እንጂ ፊልሙን ብቻ ማየት አይበቃም።

መ. ወረቀትና እርሳስ

የልደት በዓል በዋለ በማግስቱ ከአንዲት እህታችን ቤት ጥቂት ልጆች ሰብስበን ፊልሙን ያለ ምንም ማብራሪያ አሳየናቸው። ሲያልቅም ወረቀትና እርሳስ ሰጥተን «የጌታን ልደት ሣሉ» አልናቸው። አብዛኞቹ አህያውን በወረቀቱ መካከል በትልቁ ሣሉት፤ ግርግሙ በጥግ ነበር። አንዱ ልጅ ሕፃኑን ጨርሶ ረሳው።

አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ ወረቀትዋን ይዛ መጥታ «ጌታን ያዳነው አህያው ነው አይደል?» ስትል ጠየቀችን።

ለጊዜው መልስ አጣን። የዓለም መድኃኒት በዚህች ልጅ ልብ በአህያ የዳነ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ጥፋቱ የልጅቱ አልነበረም። ፊልሙ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጅቱ ቃሉን አልሰማችም፤ ያነበበችው ሥዕሉን ብቻ ነው። በሥዕሉ ደግሞ ሲሮጥ፥ ሲያመልጥና ሲያድን የሚታየው አህያው ነው። ዝም ብለን ያስቀመጥናት እኛ ነበርን።

በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ የዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም የሄደበትን ጊዜ አስታወሰን። የቤተ መቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ነው። በጥንቱ አሣሣል ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፥ ክፉዎች ግን አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ በጎን ይሣላሉ። ማንበብ የማይችሉ አባቶቻችንና እናቶቻችን ወንጌልን ከእንዲህ ያለ ግድግዳ ተምረዋል። ሆኖም ሥዕሉ ለብቻው አልተተወም። መምህሩ በዘንጉ እያመለከተ ይተረጕመው ነበር፤ አባትም ልጁን አቅፎ «ይህ ማን ነው? ይህስ?» እያለ ይጠይቀው ነበር። እኛ ግን ልጆቹን ከሥዕል ፊት አስቀምጠን ተርጓሚውን አስቀረን።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራውን በሌላ መንገድ ደገምነው። አስቀድመን የሉቃስን ምዕራፍ 2 በቀስታ አነበብንላቸው። ከዚያም ፊልሙን በሦስት ቦታ እያቆምን፥ በብሥራቱ ላይ፥ በጉዞው ላይና በግርግሙ ላይ፥ «ይህ በወንጌል አለ፤ ይህ የተጨመረ ነው» እያልን አስረዳናቸው። ስለ አረጋዊው ዮሴፍና ስለ ግብፁ ስደትም ነገርናቸው። እንደገና እንዲሥሉ ስንሰጣቸው ያቺ ልጅ ግርግሙን አስቀድማ ሣለች፤ አህያውንም አንገቱን ደፍቶ በአጠገቡ አቆመችው። ሁሉም ግን አልተለወጡም። ሁለት ወንዶች ልጆች አሁንም ውሾቹን ብቻ ሥለው አመጡልን። በአንድ ቀን ሁሉ አይሆንም።

ሠ. የደረስንበት አሳብ

1. ፊልሙ በአዳራሻችን የልደት ትምህርት ሆኖ አይታይም። የልደት ትምህርት ወንጌሉ፥ ማኅሌቱና ቅዳሴው ነው።

2. በቤት ውስጥ ግን ከሰባት ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች ከወላጅ ወይም ከታላቅ ወንድምና እህት ጋር ሆነው ቢያዩት አንከለክልም። በአሜሪካ የፊልም ምደባ እንኳ የወላጅ ምክር ያሻዋል የሚል ምልክት ተሰጥቶታል። ለታናናሾቹ የሄሮድስ አሳዳጅና ውሾቹ ሊያስፈሩ ይችላሉ።

3. በጾም ጊዜ አይታይ፤ በበዓሉም ቀን ልጆቹን ከገና ጨዋታና ከዘመድ ጥየቃ አያስቀር። ዱላና ጥንግ ይዞ ሜዳ የሚወጣ ልጅ በመስኮት ፊት ከሚፈዝ ልጅ ይልቅ በዓሉን ያውቀዋል።

4. ከፊልሙ በፊት ወንጌሉ ይነበብ፤ ከፊልሙ በኋላ ልጁ ይጠየቅ። ለዚህ ጊዜ የሌለው ቤተ ሰብ ፊልሙንም ባያሳይ ይሻላል።

ከመካከላችን አንድ ወንድም እመቤታችን የታየችበት አኳኋን ስለ ከበደው በሁለተኛው ነጥብ አልተስማማም። አሳቡን እናከብራለን፤ እናንተም እንድታስቡበት እዚህ ጻፍነው።

ወጣቶች ሆይ፤ ወላጆቻችን ከእርሻና ከገበያ ደክመው ሲገቡ ልጆቹን ዝም የሚያሰኝላቸው ይህ መስኮት ነው። አንፍረድባቸው። ታናናሾቻችን አጠገብ መቀመጥና መተርጐም የእኛ የታላላቆች ድርሻ ነው፤ እንግሊዝኛውን በትምህርት ቤት፥ ወንጌሉን በሰንበት ትምህርት ቤት የተማርነው ለዚህም ነውና።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የሉቃስን ምዕራፍ 2ና የማቴዎስን ምዕራፍ 2 አንብባችሁ በየትኛው ምን እንደ ተጻፈ ለዩ።

2. ወንድምህ ወይም እኅትሽ «ጌታን ያዳነው አህያው ነውን?» ብትጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

3. በቤታችሁ በዚህ ሳምንት ልጆች ያዩት ፊልም ምን ነበር? ከአጠገባቸውስ ማን ተቀምጦ ነበር?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።