ቀጥ ብሎ የሚቆም ኮምፒውተር

በሬ በእርሻ መካከል ቢቆም ገበሬው ወዲያው አያርደውም። ሰኮናውን ያያል። ቀንበሩ አንገቱን ልጦት እንደሆነ ይዳስሳል። ውሃ ጠጥቶ እንደሆነ እረኛውን ይጠይቃል። ምክንያቱን ሳያውቅ ጅራፍ የሚያነሣ ሰው በሬውን ይጎዳል፤ እርሻውም ሳይታረስ ይቀራል። ኮምፒውተርም ሲቆም ነገሩ እንዲሁ ነው።

ዛሬ ኮምፒውተር በብዙ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈት ቤት ገብቷል። የአባላት ስም፣ የቆጠብነው ገንዘብ፣ ያስረከብነው እህል፣ የወሰድነው ማዳበሪያ ይመዘገብበታል። ስለዚህ መኪናው ቢቆም ችግሩ የጸሐፊው ብቻ አይደለም። የእኛም ነው።

1. ኮምፒውተር እንዴት ይሠራል?

ኮምፒውተር ሁለት ወገን አለው። አንደኛው በእጅ የሚዳሰሰው ዕቃ ነው። ሁለተኛው በእጅ የማይዳሰሰው ትእዛዝ ነው፤ ይህም ፕሮግራም ይባላል። ከፕሮግራሞች ሁሉ ዋናው ሥርዓተ ክወና ነው። ዊንዶውስ የሚባለው አንዱ ሥርዓተ ክወና ነው።

በመስኖ የምናርስ ሰዎች የውሃ አባት አለን። ውሃው ለማን፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚለቀቅ ተራ የሚያወጣው እርሱ ነው። ሥርዓተ ክወናም ለፕሮግራሞቹ ሁሉ ተራ ያወጣል። ከማተሚያው፣ ከስክሪኑና ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር የሚነጋገረው ግን በአስተርጓሚ ነው። ይህ አስተርጓሚ ድራይቨር ይባላል። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ድራይቨር አለው።

አፕዴት ማለት ማሻሻያ ማለት ነው። የሥርዓተ ክወናው ባለቤት ስሕተት አርሞ፣ ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ ደፍኖ በኢንተርኔት የሚልከው ነው። ማሻሻያው በመጣ ጊዜ የውሃ አባቱ ደንብ ይለወጣል። አንዱ አስተርጓሚ አሮጌውን ደንብ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ግን ንግግሩ ይደናገራል። የውሃ አባቱ የማይመጣ መልስ ሲጠብቅ የሁሉም ተራ ይቆማል። ኮምፒውተሩ ደረቀ ወይም ስታክ አደረገ የምንለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

2. በሌላም አገር ደርሷል

በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ማይክሮሶፍት የተባለው ድርጅት የዊንዶውስ 10ን ትልቅ ማሻሻያ አወጣ። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ኮምፒውተሮች ቀጥ ብለው መቆም ጀመሩ። ድርጅቱም ችግሩ መኖሩን አመነ። ችግሩ የታየው ዊንዶውሱ በአንድ ዲስክ፣ ሌሎቹ ፕሮግራሞችና መዝገቦች ግን በሌላ ዲስክ በተቀመጡባቸው መኪናዎች ነበር። ማረሚያው በዚያው ዓመት ነሐሴ 25 ቀን ወጣ።

በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ደግሞ ሌላ ትልቅ ማሻሻያ ወጣ። በዚያ ጊዜ አንዳንድ መኪናዎች የሚቆሙት ክሮምን የመሰሉ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ ነበር። የዚህም ማረሚያ ሚያዝያ 30 ቀን ወጣ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ማሻሻያው አንድ ሆኖ ሳለ የቆሙት ሁሉም መኪናዎች አይደሉም። ስለዚህ «አፕዴቱ ነው ያበላሸው» ብሎ መተው አይበቃም። በእኛ መኪና ላይ ከማሻሻያው ጋር ያልተስማማው ምን እንደሆነ መፈለግ ያስፈልጋል።

3. በእኛ ማኅበር የደረሰው

ማዳበሪያ በሚከፋፈልበት ሰሞን የማኅበራችን ኮምፒውተር አፕዴት አደረገና ከዚያ ወዲህ ይቆም ጀመር። በስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት አይንቀሳቀስም። ፊደል ቢጫኑት አይጽፍም። አንዳንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይቆማል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ደህና ይውላል። ገበሬው አህያውን ነድቶ ከሩቅ መጥቶ፣ ስሙ ሳይወጣለት ባዶ ጆንያውን ይዞ ይመለሳል።

ሐሜት ተነሣ። «የሒሳብ ሠራተኛዋ ሒሳብ ልትደብቅ ብላ ነው ያበላሸችው» ተባለ። ከሥራ ትውጣ ያልንም ነበርን። ከከተማ የመጣ ጠጋኝ ደግሞ «አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ» አለን። ገንዘቡ ግን ከየት ይመጣል?

ከመካከላችን በጎልማሳነታቸው ፊደል የቆጠሩ አንድ አባት ተነሡ። «ሰውን ከመክሰሳችን በፊት ነገሩን እንጻፈው። ወረቀት አያዳላም» አሉ። እኛም አንድ ደብተር ገዝተን ከመኪናው አጠገብ አኖርን። በደብተሩ ላይ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦

ሰኞ፣ ከጧቱ 4 ሰዓት። የአባላት መዝገብ ተከፍቶ ነበር። የኢንተርኔት መሰኪያው ተሰክቷል። ቆመ።
ማክሰኞ። ቀኑን ሙሉ በመዝገቡ ተሠራ። መሰኪያው አልተሰካም። አልቆመም።
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። ደብዳቤ ይጻፍ ነበር። መሰኪያው ተሰክቷል። ቆመ።
ሐሙስ፣ ከጧቱ 3 ሰዓት። የሒሳብ ሠራተኛዋ ፈቃድ ላይ ናት። ጸሐፊው ይሠራ ነበር። መሰኪያው ተሰክቷል። ቆመ።

ሐሙስ ዕለት የተጻፈችው መስመር ልጅቷን ነጻ አወጣች። እርሷ በሌለችበትም መኪናው ቆሟልና። የቀረው መሰኪያው ነበር። ነቅለን አንድ ሳምንት ሠራን፤ አልቆመም። መልሰን ሰካነው፤ በዚያው ቀን ቆመ። የመሰኪያው ድራይቨር ከብዙ ዓመት በፊት የተጫነ አሮጌ ነበር። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ተጫነ። መኪናውም ዳነ። ልጅቷን በጉባኤ ፊት ይቅርታ ጠየቅናት።

4. ኮምፒውተር ሲቆም ምን እናድርግ?

ሀ) እንጠብቅ። ከማሻሻያ በኋላ ኮምፒውተር ውስጥ ለውስጥ ብዙ ሥራ ይሠራል። መዘግየትና መቆም አንድ አይደሉም። ካፕስ ሎክ የሚባለውን ቁልፍ ስንጫን መብራቱ ቦግ እልም የሚል ከሆነ መኪናው ገና ነፍስ አለው። ምናልባት የቆመው አንዱ ፕሮግራም ብቻ ነው።

ለ) ገመድ ለመንቀል አንቸኩል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በድንገት ማጥፋት መዝገብ ያበላሻል። ጠብቀን እንቢ ካለ ብቻ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነን እንያዝ፤ ይጠፋል።

ሐ) እንደ ተነሣ ከሁሉ አስቀድሞ መዝገቡን በፍላሽ ወይም በሌላ ዲስክ እንገልብጥ። መኪና ይገዛል፤ የጠፋ መዝገብ ግን አይገዛም።

መ) እንጻፍ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን ተከፍቶ እንደነበረ፣ ምን እንደ ተሰካ፣ መብራት ተቆራርጦ እንደሆነ እንመዝግብ። ዊንዶውስ ራሱም ማስታወሻ ይይዛል። ሪላያቢሊቲ ሞኒተር በሚባለው ክፍል ውስጥ ማሻሻያ የገባበት ቀንና ብልሽት የደረሰበት ቀን ተራ በተራ ይታያል። ያንን ከደብተራችን ጋር እናስተያይ።

ሠ) በሴፍ ሞድ እናስነሣው። ሴፍ ሞድ ማለት የግድ የሚያስፈልጉት ብቻ የሚሠሩበት አነሣሥ ነው። በዚህ ጊዜ የማይቆም ከሆነ ጥፋቱ ከድራይቨር ወይም በኋላ ከተጨመረ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። በዚህም የሚቆም ከሆነ ዕቃውን እንጠርጥር። አቧራ ማራገቢያውን ዘግቶት፣ መኪናው ግሎ ይሆናል። ማስታወሻው ወይም ዲስኩ ታሞ ይሆናል። ዊንዶውስ ማስታወሻውን የሚመረምርበት መሣሪያ አለው።

ረ) በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ የወሰደ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። የተሰካውን እንንቀል፤ እንይ። ድራይቨሩን በአዲስ እንተካ፤ እንይ። የመጨረሻውን ማሻሻያ እናውጣ፤ እንይ። ትልቅ ማሻሻያ ከሆነ ዊንዶውስ እንደ ልማዱ 10 ቀን ድረስ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ይፈቅዳል። ስለዚህ ብዙ ሳንቆይ ባለሙያ እንጥራ፤ ደብተሩንም እናሳየው።

5. አፕዴት ይቅር ወይ?

«እንግዲያው አፕዴት ለዘላለም ይቅርብን» የሚሉ አሉ። ይህ ልክ አይደለም። ቀዳዳው ያልተደፈነ ጎተራ ለአይጥ የተመቸ ነው። ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይላክ የነበረው የተለመደው ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። አሮጌውን ይዞ ያለ ጥበቃ መቀመጥ ለሌባ በር ይከፍታል። ከማሻሻያ በፊት መዝገቡን መገልበጥና ሥራ በማይበዛበት ቀን ማድረግ ግን ብልህነት ነው። በማዳበሪያ ሰሞን አይሆንም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የኮምፒውተርንም በሽታ ደብተር ላይ ካልገለጥነው መድኃኒቱን አናገኘውም። ፊደል መቁጠራችን ለደብዳቤና ለፊርማ ብቻ አይደለም። ያየነውን በጊዜው ስንጽፍ ገንዘባችን ይድናል፤ ያለ ጥፋቱ የተከሰሰ ሰውም ይድናል።

ጥያቄዎች

1. ድራይቨር ምን ይሠራል?
2. የሒሳብ ሠራተኛዋን ነጻ ያወጣት በደብተሩ ላይ የትኛው መስመር ነው? ለምን?
3. መሰኪያው ከተነቀለ በኋላ መልሶ መሰካት ለምን አስፈለገ?
4. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ምን ይጠቅማል?
5. በቤታችሁ ወይም በማኅበራችሁ አልፎ አልፎ የሚበላሽ አንድ ዕቃ ምረጡ። ለአንድ ሳምንት የተበላሸበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ። ከዚያም በቡድን ተወያዩበት።