ኤምአርአይ ያሳየው ሁሉ በሽታ ነው?

ጥያቄ፦ 41 ዓመቴ ነው፤ አዳማ እህል መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ወገቤን ካመመኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሐኪሙ ዳሰሰኝ፣ እግሬን ቀጥ አድርጎ እያነሣ ፈተሸኝ፣ ማስታገሻ አዘዘልኝና «ለጊዜው ራጅም አያስፈልግዎትም» አለኝ። አልረካሁም፤ በራሴ ገንዘብ ኤምአርአይ ተነሣሁ። የእህቴ ልጅ ሪፖርቱን ሲያነብልኝ ዲስኬ ደርቋል፣ በሁለት ቦታም ወደ ውጭ ወጣ ብሏል ይላል። ሐኪሙ በሽታዬን ሳያውቀው ነው የሸኘኝ? ራጅ ቢያዝልኝስ ይህን ያሳይ ነበር? ኦፕራሲዮን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ከራጁ ልጀምር። ራጅ ዲስክ አያሳይም። ፊልሙ የሚይዘው ሰውነትን አልፎ የወጣውን የኤክስሬይ ጨረር ነው። ብረትና አጥንት ብዙውን ስለሚያስቀሩት ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ ሥጋና ውኃ ግራጫ፣ ስብ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ አየር ጥቁር ነው። ኤክስሬይን ያገኘው ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. የሚስቱን እጅ በዚሁ ጨረር ሲያነሣ ጎልተው የታዩት አጥንቷና ቀለበቷ ነበሩ። አየር የሞላው ሳንባ በራጅ ጥሩ ሆኖ የሚታየውም በዚሁ የቀለም ልዩነት ነው። ዲስክ ግን በዙሪያው ካለው ሥጋ ጋር በቀለም ስለሚመሳሰል አይለይም።

ኤምአርአይ ኤክስሬይ አይጠቀምም። የሚጠቀመው ኃይለኛ ማግኔትና የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ምልክቱን የሚሰጠው በአብዛኛው በውኃና በስብ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ነው። ውኃን በሚያደምቀው የምስል ዓይነት የወጣት ዲስክ ያበራል፤ ዕድሜ ሲገፋ ውኃው ይቀንስና ይጠቁራል። «ደርቋል» የተባለው ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር። ወገባቸውን ጨርሶ የማያማቸው ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች የተነሡትን ምስል ያጠናቀረ አንድ ጥናት በ2015 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። በ40 ዓመት ዕድሜ 68 በመቶው የዲስክ መድረቅና ማርጀት፣ 50 በመቶው ደግሞ እንደ እርስዎ ወደ ውጭ ወጣ ያለ ዲስክ አላቸው። ምንም ሳያማቸው! ስለዚህ ምስሉ ያሳየው ነገር የሕመምዎ ምክንያት ስለመሆኑ ምስሉ ብቻውን አይመሰክርም። ሕመሙ ወደ አንድ እግር የሚወርድ ከሆነ፣ የወረደበት መስመርም በምስሉ ላይ ከተነካው ነርቭ ጋር ከገጠመ፣ ያኔ ምስሉ ትርጉም ያገኛል። እግርዎን እያነሣ የፈተሸዎ ሐኪም ይህንኑ እየፈለገ ነበር፤ አልናቀዎትም። በእኛ አገር ወገቡን ያመመው ሁሉ «ዲስኬ ተንሸራቷል» ማለቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሐኪሞችም ያስፋፋነው ልማድ ነው።

ሪፖርት ስለተጻፈ ብቻ ኦፕራሲዮን አይደረግም። አብዛኛው እንዲህ ያለ ሕመም በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። አልጋ ላይ አይዋሉ፤ እየተንቀሳቀሱ ይቆዩ፣ ከባድ ጆንያ ግን ለጊዜው ለሌላ ሰው ይተዉ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት፣ በመቀመጫዎ አካባቢ ከደነዘዘዎት ወይም እግርዎ እየሰነፈ ከሄደ ግን ቀን ሳይቆጥሩ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙን በቶሎ ያማክሩ። ሲመለሱ ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ፊልሙን ወይም ሲዲውንም ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ (ከሌላ ጠያቂ)፦ ለሳል ተብሎ በዚህ ዓመት ደረቴን ሦስት ጊዜ ራጅ ተነሥቻለሁ። ጨረሩ ይጎዳኝ ይሆን? አሁን ደግሞ ነፍሰ ጡር ነኝ።

መልስ፦ አይስጉ። አንድ የደረት ራጅ ቢበዛ 0.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፤ ከአፈርና ከሰማይ በተፈጥሮ የምናገኘው ጨረር በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ይሆናል። የሆድ ሲቲ ስካን ግን 8 አካባቢ ስለሚደርስ ያለ በቂ ምክንያት አይታዘዝም። ከአሁን በኋላ ለማንኛውም ምርመራ ሲገቡ እርጉዝ መሆንዎን አስቀድመው ይናገሩ። ለፅንሱ ክትትል የሚውለው አልትራሳውንድ የድምፅ ሞገድ እንጂ ጨረር የለውም። ሳሉ ካልለቀቀዎት አክታዎን ያስመርምሩ፤ ቲቢን በእርግጠኝነት የሚለየው እሱ እንጂ አራተኛ ራጅ አይደለም።