ፍላጎት ሳይመጣ መወሰን፦ ግብታዊ ስብዕናና ራስን መግዛት

ግብታዊ ሰው ሲባል በተለምዶ የሚታሰበው ሳያመዛዝን የሚናገር፣ ደመወዝ በተቀበለ ማግሥት ያላቀደውን የሚገዛ፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ሌላ የሚጀምር ሰው ነው። ችግሩ የፈቃድ ድክመት ተደርጎ ስለሚወሰድ፣ የሚሰጠው መፍትሔም አብዛኛውን ጊዜ «ራስህን ግዛ» ከሚል ተግሣጽ አያልፍም። ይህ ጽሑፍ ተግሣጹ ብቻውን የማይበቃበትን ምክንያት ይመረምራል።

በመጀመሪያ ደረጃ ግብታዊነት አንድ ወጥ ባሕርይ አይደለም። ኋይትሳይድና ላይናም እ.ኤ.አ. በ2001 አራት ገጽታዎችን ለይተዋል፤ እነርሱም ስሜት ሲግል መቸኮል፣ አስቀድሞ አለማሰብ፣ በጀመሩት አለመጽናት እና አዲስና አነቃቂ ነገርን መሻት ናቸው። ዲክማን በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1990 ጠቃሚውን ግብታዊነት ከጎጂው ለይቶ አሳይቷል፤ ፈጥኖ መወሰን የሚጠቅምበት ጊዜ አለና። ስለዚህ ዓላማው ባሕርዩን መንቀል ሳይሆን ጉዳቱን መቀነስ ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው ነጥብ የሁኔታ ኃይል ነው። ሚሼልና ኤብሰን እ.ኤ.አ. በ1970 በ32 ሕፃናት ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ሽልማቶቹ ከፊታቸው የተቀመጡላቸው ሕፃናት በአማካይ 1 ደቂቃ ያህል ብቻ ሲታገሡ፣ ሽልማቶቹ ከዓይናቸው የተሰወሩላቸው ግን ከ11 ደቂቃ በላይ ጠብቀዋል። ልዩነቱን ያመጣው የሕፃናቱ ጠባይ ሳይሆን የሽልማቱ መታየትና አለመታየት ነበር።

ከዚህ የሚመነጨው ስልት ውሳኔውን ፍላጎቱ ከመቀስቀሱ በፊት ማድረግ ነው። ጎልዊትዘር ያጠናው «እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚለው ዕቅድ ለዚህ አብነት ይሆናል፤ ለምሳሌ «ያላሰብሁት ዕቃ ካማረኝ፣ ሳልገዛ አድሬ እመለሳለሁ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን። ጎልዊትዘርና ሺራን እ.ኤ.አ. በ2006 የ94 ሙከራዎችን ውጤት አጠቃልለው ሲመረምሩ፣ ይህ ዓይነቱ ዕቅድ ግብን ለማሳካት ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ አስተዋጽኦ እንዳለው አረጋግጠዋል።

በኢትዮጵያ ዕቁብ ተመሳሳይ ተግባር ይፈጽማል። ዕቁብተኛው በየሳምንቱ ወይም በየወሩ መቆጠብ አለመቆጠቡን እንደ አዲስ አይወስንም፤ ሲገባ አንድ ጊዜ ወስኗል። ቀኑ ሲደርስ መዋጮውን የሚጠብቁት ዳኛውና ማኅበርተኞቹ ናቸው። የግለሰቡ ፈቃድ ቢላላ እንኳ ቃሉና ይሉኝታው ይይዙታል።

ሆኖም ሁሉንም አለመታገሥ እንደ ጠባይ ጉድለት መቁጠር ያሳስታል። ዋትስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 የሚሼልን ሙከራ በሰፊ ናሙና ሲደግሙ፣ በሕፃንነት መታገሥ ከኋለኛው የትምህርት ውጤት ጋር ያለው ዝምድና የቤተሰብ ኑሮና ሌሎች ሁኔታዎች ከግምት ሲገቡ በእጅጉ ቀንሷል። ነገ ለማያስተማምነው ሰው ዛሬ ያገኘውን መጠቀም ብልሃት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ አማካሪም ሆነ መምህር ግብታዊ ሰው ሲገጥመው፣ «ለምን አልታገሥህም?» ከማለቱ በፊት «ፍላጎቱ የመጣብህ የትና መቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። ፊተኛው ጥያቄ ኀፍረትን ሲያተርፍ፣ ኋለኛው ለዕቅድ መነሻ ይሆናል።