የከብት ሕመም በመሣሪያ እንዴት እንደሚታወቅና እንደሚታከም

ሰው ሲታመም የሚያመውን ስፍራ በአንደበቱ ይናገራል፤ ከብት ግን አንደበት የለውምና ስለ ሕመሙ የሚናገርለት የሐኪሙ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ከብት የሚያክም ሰው ሁሉ መርፌ ከመያዙ አስቀድሞ መለኪያ መያዝ ይገባዋል። ሳይለኩ መውጋት መድኃኒቱን ማባከን፤ ከብቱን መጉዳት፤ ባለ ከብቱንም ማክሠር ነው።

ይህ ነገር ቀላል እንዳይመስል ያለፈውን ዘመን ማስታወስ ይበቃል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ የኢትዮጵያን ከብት አብዛኛውን ፈጀ። የሚያርስ በሬ ስለ ጠፋ ማሳው ጦም አደረ፤ ከዚያም የተነሣው ረኃብ ክፉ ቀን ተባለ። በዚህ በሽታ የከብቱ ትኩሳት የሚነሣው አፉ ከመቍሰሉና ተቅማጡ ከመጀመሩ ጥቂት ቀን ቀድሞ ነበር። ነገር ግን ትኩሳቱን የሚለካ ስላልነበረ፤ የታመመው በዐይን እስኪለይ ድረስ ከጤነኛው ጋራ በአንድ ምንጭ ይጠጣ፤ በአንድ በረት ያድር ነበር። ኋላ በክትባትና በደም ምርመራ ብርታት ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከዚህ በሽታ ነጻ መሆኗ ታወቀላት፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ምሳሌ ፍሬው ይህ ነው።

ስለ ማወቂያ መሣሪያዎች

ከሁሉ የሚቀድመው ቴርሞሜትር የሚባለው የሙቀት መለኪያ ነው። ከብቱ ከመንገድ ወይም ከፀሐይ የመጣ እንደ ሆነ አስቀድሞ በጥላ ያርፋል። ከዚህ በኋላ መለኪያው በቅባት ተለስልሶ በፊንጢጣው በኩል ይገባል፤ ጫፉም የአንጀቱን ግድግዳ ይነካል፤ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃም ይቆያል። የጤነኛ ላም ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው፤ ከዚህ ያለፈ እንደ ሆነ ትኩሳት አለ። ፈረስ ከላም ጥቂት ይቀዘቅዛል፤ ዶሮ ግን እስከ 41 ዲግሪና ከዚያም በላይ ብትደርስ ጤነኛ ናት። እንግዲህ የእያንዳንዱን እንስሳ ልክ የማያውቅ ሰው መለኪያውን ቢይዝም አያነበውም።

ሁለተኛው ማዳመጫው ነው። የልብ ምት በግራ ክንድ ጀርባ ይሰማል፤ ትልቁ ጨጓራ ደግሞ በግራ ጐን ይደመጣል። የጤነኛ ከብት ጨጓራ በየደቂቃው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እንደ ሩቅ ነጐድጓድ ይንኰራኰራል፤ ዝም ያለ እንደ ሆነ ከብቱ ታሟል።

ሦስተኛው ማይክሮስኮፕ ነው። የደም ጠብታ በመስተዋት ላይ ተስሶና በቀለም ተነክሮ ሲታይ፤ የገንዲን ተውሳክም የአባ ሰንጋንም ጀርም ይለያል። በድንገት የሞተና ከአፍንጫው ደም የሚወርደው ከብት ፈጽሞ አይከፈት፤ ሥጋውም አይበላ፤ ሐኪሙ ከጆሮው ጥቂት ደም ወስዶ ይመርምር። በቢላዋ የከፈተው ሰው መርዙን በምድሩ ላይ ይዘራል፤ ያም ለብዙ ዓመት ይኖራል።

በጎፋ ስላሉት የወተት ላሞች

በአዲስ አበባ ደቡብ በጎፋና በአካባቢው ላም በግቢያቸው አርብተው ወተት የሚሸጡ ቤተ ሰቦች አሉ። በ1949 ዓ.ም. የከተማው የእርድ ድርጅት የተቋቋመበት የቄራ ሰፈርም ከዚያው አጠገብ ነው። በቄራ የሥጋ መርማሪው ሳንባውንና ዕጢዎቹን በቢላዋ ሰንጥቆ የነቀርሳን ምልክት ያገኛል። ይህ ምርመራ ሥጋ የሚበላውን ሰው ያድነዋል፤ የላሚቱን ወተት ሲጠጣ የኖረውን ሕፃን ግን አያድነውም። ከውጭ ዘር የተዳቀሉ ላሞች በጠባብ ጋጥ ተጠጋግተው ሲኖሩ ነቀርሳ ከአንዷ ወደ ሌላዋ በትንፋሽ ያልፋል፤ ላሚቱም ሰብታ ሳለች ልትታመም ትችላለች።

ስለዚህ በሕይወት ሳለች የሚያስታውቅ መሣሪያ አለ፤ ይኸውም የቆዳ ውፍረት መለኪያ ነው። ሐኪሙ በአንገቷ ሁለት ስፍራ ጠጕር ይላጫል፤ ቆዳውን ይለካል፤ በአንዱ የከብት፤ በሁለተኛው የወፍ ቱበርኩሊን ይወጋል። ከ72 ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይለካል። የከብቱ ስፍራ እብጠት ከወፉ ይልቅ ከ4 ሚሊሜትር በላይ የበለጠ እንደ ሆነ ላሚቱ በነቀርሳ ተይዛለች ይባላል። እስኪመረመርም ከተመረመረም በኋላ ወተት ሳይፈላ መጠጣት አይገባም።

ለግት በሽታ ደግሞ አራት ጽዋ ያለው ሳሕን አለ። ከየጡቱ ጥቂት ወተት ታልቦ ከመመርመሪያው ፈሳሽ ጋራ እኩል ሲቀላቀል፤ የታመመው ጡት ወተት እንደ ሙጫ ይወፍራል።

ስለ ማከሚያ መሣሪያዎች

የሆድ መንፋት ለሞት ባደረሰ ጊዜ ትሮካር የሚባለው ወስፌ ከነሰገባው በግራ ጐን ጐድጓዳ ስፍራ ይወጋል፤ ወስፌው ይወጣል፤ ሰገባው ይቀራል፤ ነፋሱም በእርሱ ይተነፍሳል። አረፋ ያለበት እንደ ሆነ ግን ነፋሱ አይወጣምና ዘይት ይጠጣል። ለመኰላሸት ቡርዲዞ የሚባለው ጉጠት ቆዳውን ሳይቈርጥ ሥሩን ይቀጠቅጣል፤ ደም ስለማይፈስ ቍስሉ አይመረቅዝም።

መርፌ ግን ጠቃሚ እንደ ሆነ ሁሉ አደገኛ ነው። በአንድ መርፌ ብዙ ከብት የወጋ ሰው፤ መርፌውን ካላፈላ ወይም ካልለወጠ፤ በሽታን ከበረት ወደ በረት ይሸከማል።

ለአስተዳዳሪዎችና ለባለ ከብቶች የሚገባ ጥንቃቄ

1ኛ፤ አካሚው ሙቀቱን ሳይለካ መድኃኒት ቢወጋ፤ ምን አግኝተህ ነው ተብሎ ይጠየቅ።

2ኛ፤ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ይጠበቅ፤ የሞቀ ክትባት ከብቱን አይጠብቅም፤ ባለ ከብቱን ግን ያታልላል።

3ኛ፤ ላሚቱ መድኃኒት በተወጋች ጊዜ ሐኪሙ የወሰነው ቀን ሳይፈጸም ወተቷ አይሸጥ።

4ኛ፤ የተለካው ሁሉ ከነቀኑ በመዝገብ ይጻፍ፤ የአንድ ቀን ልክ ስለ አንድ ከብት ይናገራል፤ የዓመት መዝገብ ግን ስለ ወረዳው ሁሉ ይናገራል።

መሣሪያ በሣጥን ተቈልፎ ቢቀመጥ ጌጥ ነው፤ ቈሽሾ ቢሠራበትም ጉዳት ነው። ንጹሕ ሆኖ በሚያውቅበት ሰው እጅ በጊዜው የገባ እንደ ሆነ ግን የገበሬውን በሬና የሕፃኑን ወተት ይጠብቃል።