ሌሊት ለሚነዳ ዓይን

ወጣቱ፦ እትዬ፣ መነጽሩ ሰልችቶኛል። ላሲክ የሚሉትን የዓይን ቀዶ ሕክምና ልሠራ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ዕድሜዎን በዓይን ክፍል ነርስነት ነው ያሳለፉት፤ ልሠራ ወይስ ልተው?

እትዬ፦ ዓይንህ ሳይለካ ተሠራ የሚልህን አትስማ፣ እኔንም ጭምር። ቁጥርህ ስንት ነው?

ወጣቱ፦ ሁለቱም ማይነስ ስድስት። ከተለወጠ ሁለት ዓመት አልፎታል።

እትዬ፦ መርጋቱ ጥሩ ነው። በዓይንህ ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ኮርኒያ ይባላል። ውፍረቱ መሐሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትርን ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ በማይክሮን 540 ገደማ። በላሲክ ከላዩ 110 ያህል ስስ ክዳን ቆርጠው ይገልጣሉ፣ ሥሩን በጨረር ይጠርባሉ፣ ክዳኑን ይመልሳሉ። ለአንድ ቁጥር እስከ 15 ማይክሮን ይሄዳል፤ ላንተ 90 ገደማ መሆኑ ነው። ከሥር ቢያንስ 250 መቅረት አለበት፤ ከዚያም በላይ እንዲተርፍ የሚፈልጉ ሐኪሞች አሉ። የተጠረበው አይመለስም።

ወጣቱ፦ እንግዲያው ይበቃኛላ!

እትዬ፦ ቅርጹስ? ልጅ ሳለህ ዓይንህን ያሳክክህ ነበር።

ወጣቱ፦ አሁንም ያሳክከኛል። ዛፉ ሲያብብማ ካላሸሁት እንቅልፍ የለኝም።

እትዬ፦ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። በአገራችን ልጆች ላይ ይህ የአለርጂ ማሳከክ ብዙ ነው። ለዓመታት አጥብቆ ማሸት ደግሞ ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት እንዲሾል ሊያደርግ ይችላል፤ ኬራቶኮነስ ይሉታል። ሲጀምር ባለቤቱ አያውቀውም፣ የኮርኒያን ካርታ የሚያነሳው መሣሪያ ነው የሚለየው። እንዲህ ያለ ዓይን በላሲክ ከተነካ ይብስበታል፤ የሰው ኮርኒያ እስከ መተካት የሚያደርስበት ጊዜ አለ። ካርታህን አይቶ አይሆንም የሚልህ ሐኪም ካገኘህ አመስግነህ ውጣ።

ወጣቱ፦ ካርታው ደህና ቢሆንስ?

እትዬ፦ ያኔ ሥራህን እናነሳለን። አንተ ዋሽንግተን ውስጥ ሌሊት ታክሲ ነው የምትነዳው። የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተሳተፈበት፣ በ2017 የወጣ ጥናት አለ። ከተሠሩት ከ95 በመቶ በላይ በእይታቸው ረክተዋል። ነገር ግን ቀድሞ ምንም ካልነበራቸው እስከ 46 በመቶ የሚሆኑት ከሦስት ወር በኋላ አዲስ ነገር ማየት ጀምረዋል፦ በመብራት ዙሪያ ቀለበት፣ ነጸብራቅ፣ ጥንድ ምስል። የዓይን ድርቀት አዲስ የጀመራቸውም እስከ 28 በመቶ ናቸው። በአንዱ የእይታ ምልክት ምክንያት የተለመደ ተግባራቸውን ለማከናወን እጅግ የተቸገሩት ከመቶ አንድ አይሞሉም። ቢሮ ለሚውል ሰው ቀለበቱ ቀላል ይሆናል። አንተ ግን በዝናብ፣ ከፊትህ በሚመጣ መኪና መብራት ውስጥ እግረኛ መለየት አለብህ።

ወጣቱ፦ ተው እያሉኝ ነው?

እትዬ፦ አላልኩህም። በመነጽር ፈንታ የሚደረገው ኮንታክት ሌንስም አደጋ አለው፤ ዓይኑ ውስጥ እንዳለ እየተኛ ኮርኒያው የቆሰለበት ስንት ሰው አስታምሜያለሁ! ላሲክ ለብዙዎች እፎይታ ነው። ክዳን የማይቆረጥበት ፒአርኬ የሚባልም አለ፤ ለጥቂት ቀናት ያማል፣ እይታውም ቀስ ብሎ ነው የሚጠራው፤ ስለሱም ጠይቅ። ብቻ አርባን ስትሻገር ለንባብ መነጽር ማስፈለጉ እንደማይቀር እወቅ።

ወጣቱ፦ እሺ፣ መጀመሪያ ካርታውን ላስነሳ።

እትዬ፦ ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ የምታደርግ ከሆነ ከልኬቱ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል አውልቅ፤ ኮርኒያውን ስለሚጫነው ልኬቱን ያሳስታል። ስለ ማሳከኩና ስለ ሌሊት ሥራህ ለሐኪሙ ራስህ ንገረው፤ እስኪጠይቅህ አትጠብቅ።