ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር

ጾሙ እኩሌታው ላይ ሲደርስ «እግዚአብሔር ርቆኛል» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አስቀድሰን፣ ሰግደን፣ ልባችን ግን ደረቅ ይላል። እኔም መቅደስ ውስጥ ቆሜ እንዲህ ተሰምቶኝ ያውቃል፤ ምን ይደበቃል?

እስቲ ነቢዩ ኤልያስን እንይ (1ኛ ነገ. 19)። በቀርሜሎስ ጸልዮ እሳት ከሰማይ ያወረደው ሰው፣ ኤልዛቤል ስትዝትበት ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ሞቱንም ለመነ። እግዚአብሔርም አልተቆጣውም። መልአኩን ልኮ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በልቶ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩም ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው። ልብ በሉ፣ ከትምህርቱ በፊት እንጎቻ! በዚያም ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት እስከ ኮሬብ ተጓዘ።

በኮሬብ ብርቱው ነፋስ፣ የምድር መናወጡና እሳቱ አለፉ፤ እግዚአብሔር በእነርሱ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ዝግ ያለ ድምፅ መጣ። የእሳቱን ተአምር ላየው ለኤልያስ ይህ ከባድ ትምህርት ነው። እኛስ ስልካችንን አጥፍተን ዐሥር ደቂቃ ዝም ብለን እናውቃለን?

ያ ድምፅ ያመጣለት ደግሞ ማጽናኛ ብቻ ሳይሆን ሥራ ነው፦ ተመልሶ ኤልሳዕን እንዲቀባ። ብቻውን እንደ ቀረ ላማረረውም፣ ለበኣል ያልሰገዱ 7000 ሰዎች እንዳሉ ነገረው። ኤልያስ አልቆጠራቸውም ነበር።