ፖርቶመጋላው ይውረድ

ላንድ ክሩዘር፣ ፕራዶ ወይም ሃይሉክስ የያዘ ሰው ነዳጅ አልበቃ ሲለው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞተሩን ነው። መኪናዋ ጋራዥ ትገባለች፤ ኖዝል ይፈታል፣ ፖምፓ ይነካካል፣ ማጣሪያ ይቀየራል። ባለቤቱ ከፍሎ ይወጣና በሳምንቱ ያው ማደያ ደጅ ይሰለፋል። ብዙ ጊዜ ግን ነዳጁን የሚበላው ከኮፈኑ ሥር ያለው ነገር አይደለም። ባለቤቱ ራሱ ወጪ አውጥቶ ከጣሪያዋ፣ ከፊቷና ከጎማዋ ላይ የጨመረው ነው።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ የቀድሞ የአስጎብኚ ድርጅት ሾፌር ይህን የተማረው በውድ ዋጋ ነው። አፋርና ኦሞ ቱሪስት ሲያመላልስባት የኖረችውን ሃርድቶፕ ከድርጅቱ ገዛት። ጣሪያዋን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነው ከውሃ ቱቦ የተበየደ ፖርቶመጋላ ነው፤ በላዩ ትርፍ ጎማ፣ ሁለት ጀሪካን፣ አካፋና ወርዶ የማያውቅ የቆርቆሮ ሳጥን አለ። ከፊት ወፍራም የብረት ፓራውልት፣ ከሥር ደግሞ ከፋብሪካው ልክ የበለጠና ጥርሱ የጎላ የጭቃ ጎማ። የቱሪስቱ ሥራ ሲቀዘቅዝ መኪናዋ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ አንዳንዴም አዳማ የምትመላለስ ሆነች፤ የበረሃው ዕቃ ግን እንዳለ ቀረ። በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረች መኪና 6 አልሞላም አለች። ኖዝሉን ሁለቴ አስቀየረ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ቃሊቲ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄደ።

ሽማግሌው ኮፈኑን አልከፈቱም። መኪናዋን አንዴ ዞሯትና በግራሶ በጠቆረ ጣታቸው ወደ ጣሪያው እያሳዩ፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ይሄን የብረት አልጋ አውርደው፤ ስለ ኖዝሉ ከዚያ በኋላ እናወራለን» አሉት።

«ጋሼ፣ ቢበዛ መቶ ኪሎ ነው። ለዚህች መኪና ምን ይከብዳታል?»

«ክብደት መቼ አልኩህ? ንፋሱን ነው የምልህ።»

ሽማግሌው ልክ ነበሩ። ንፋስ መኪናን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ነው የሚያድገው። በሰዓት ከ90 ወደ 110 ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ ሹፌር ፍጥነቱን የጨመረው በአንድ አምስተኛ ገደማ ሲሆን፣ የሚገጥመው የንፋስ ግፊት ግን በግማሽ ያህል ይጨምራል። ፊቷ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ሃርድቶፕ ላይ ሳጥንና ጀሪካን ሲደረደር ደግሞ ግድግዳው ይረዝማል። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለአሽከርካሪዎች በሚሰጠው መረጃ መሠረት፣ ጣሪያ ላይ የተጫነ ትልቅ ሳጥን በከተማ ውስጥ የነዳጅ ቁጠባን ከ2 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ በሰዓት ከ105 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ግን ጉዳቱ ከ10 እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። በዚሁ መረጃ 45 ኪሎ ተጨማሪ ክብደት የሚያጎድለው 1 በመቶ ገደማ ነው፤ ለከባድ መኪናማ ከዚያም ያንሳል።

ሾፌሩ ፖርቶመጋላውን አስቆርጦ አወረደ፤ ጎማውንም ወደ ቀድሞው ልክ መለሰ። መኪናዋ በሊትር ወደ 7 ተኩል ተመለሰች። በወር 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው የ6 እና የ7 ተኩል ልዩነት 33 ሊትር ነው፤ ሊትሩ በ100 ብር ቢታሰብ 3 ሺህ 300 ብር።

የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ ጽኑ እምነት ማንም ሰው ሳይለካ ጋራዥ መሄድ የለበትም የሚል ነው። ለመለካት ደግሞ የቱሉ ዲምቱን ያህል የተመቸ ሰፈር የለም። በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ መነሻው እዚያው ነው፤ መብራት የለበትም፣ ጋሪና ባጃጅ አይገቡበትም፣ አስፋልቱም እኩል ነው። ባለመኪናው በማለዳ ከአንድ ማደያ፣ ከአንድ ፓምፕ ይሙላ፤ የፓምፑ አፍ በራሱ ሲያቆም እሱም ያቁም፤ «ትንሽ ጨምርበት» አይበል። አዳማ ደርሶ ይመለስና እዚያው ፓምፕ ላይ እንደገና ይሙላ። የሄደውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ማካፈል ነው። አንድ ቀን በ90፣ ሌላ ቀን በ110 ይሞክረው።

መመለሱ ግዴታ ነው። አዳማ ከቱሉ ዲምቱ ወደ 500 ሜትር ዝቅ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ሲወርድ ብቻ የለካ ሰው በመኪናው ይኩራራል፤ ሲመጣ ብቻ የለካ ደግሞ ሊሸጣት ይነሳል። 3 ቶን የሚመዝን መኪናን 500 ሜትር ሽቅብ ማውጣት ብቻውን ከአንድ ሊትር በላይ ናፍጣ ይፈጃል። ስንት ሊትር እንደገባ ማስታወስ ለሚከብደው፣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የነዳጅ ክፍያ በስልክ ስለሆነ ሒሳቡ ቴሌብር ላይ ተመዝግቦ ይገኛል፤ በዕለቱ ዋጋ ማካፈል ነው።

ጎማ የቀየረ ሰው ሲለካ አንድ ወጥመድ አለበት። 265/70 አር 16 ጎማ የነበረው ፕራዶ 285/75 አር 16 ሲገጠምለት የጎማው ቁመት ከ777 ወደ 834 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ቆጣሪው ግን ይህን አያውቅም፤ 100 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ መኪናው የሄደው ከ107 በላይ ነው። ባለቤቱ በቆጣሪው አካፍሎ «ነዳጅ በላችብኝ» ይላል። የሾፌሩም ኪሳራ ከፊሉ እንዲህ ያለ የቆጠራ ስህተት ነበር። ከፊሉ ግን እውነተኛ ነው፦ ትልቅ ጎማ ይከብዳል፣ የጎላ ጥርሱ አስፋልት ላይ ሲታሽ ኃይል ያባክናል፣ ዳገት ላይም በአራተኛ ይወጣ የነበረውን በሦስተኛ ያስወጣል። የጎማው ንፋስም ይታይ፤ በእያንዳንዱ የጎደለ 1 ፒ.ኤስ.አይ. 0.2 በመቶ ያህል ነዳጅ ይባክናል። ጎሚስታ ዘንድ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ነው። ንፋሱ የጎደለ ጎማ በፍጥነት መንገድ ላይ ግሎ እንደሚፈነዳም ሊዘነጋ አይገባም።

ቀጥሎ የሚመጣው ፖምፓ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆኑ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው እንደ ዋን ኤች ዜድ ያለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። ባለቤቱ «ዳገት አልወጣ አለችኝ» ሲል አንዳንድ መካኒክ የናፍጣውን መጠን ከፍ ያደርግለታል። አየሩ አልጨመረም፤ ናፍጣው ብቻ ጨመረ። የተረፈው ጥቁር ጭስ ሆኖ ከኋላ ላለው ሕፃን ሳንባ ይገባል። ይህ ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን ነውርም ነው። ፖምፓ የሚስተካከለው በመለኪያ እንጂ በጆሮ አይደለም።

ነውር ከተነሳ የከተማው ሌላ ልማድም ይነሳ። ስብሰባ አዳራሽ ደጃፍ ላይ ሞተራቸው ሳይጠፋ፣ ማቀዝቀዣቸው እየሠራ፣ ሾፌሩ ወንበሩን አስተኝቶ እንቅልፉን የሚለጥጥባቸው ቪ ኤይቶች ተሰልፈው ይታያሉ። ቆሞ የሚሠራ ትልቅ ሞተር በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ይጨርሳል። በ2017 ዓ.ም. ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ባለፈበት አገር፣ የታክሲ ሹፌር ሌሊት ለነዳጅ ተሰልፎ በሚያድርበት ከተማ ይህ እንደ ተራ ነገር መታየቱ ያሳዝናል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለባቸው።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዜሮ የሚያደርግ ሰው ግን ይህን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ያንብበው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ መንገዱ ከ1 ሺህ 300 ሜትር በላይ ያሽቆለቁላል። አንድ የሃይሉክስ ባለቤት በዚሁ ቁልቁለት በዜሮ ማርሽ ሲወርድ ፍሬኑ ግሎ እምቢ አለው፤ የተረፈው ከገደሉ በተቃራኒ ያለውን ቋጥኝ ታክኮ ነው። ያተረፈው ነዳጅ ደግሞ አልነበረም። ማርሽ ገብቶ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ፖምፓው ናፍጣውን ያቋርጣል፤ ሞተሩን የሚያሽከረክረው ቁልቁለቱ ነው። በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣቱን አያቆምም።

አስፋልት ላይ ፎርዊል አይገባም፤ የፊት ጎማ ሃብ ካለ ይከፈት። የአየር ማጣሪያ ከኮሮኮንች መልስ ይራገፍ።

በእርግጥ ዳናኪል የሚወርድ ሰው ፖርቶመጋላ ያስፈልገዋል። ልቅ አሸዋ ከአስፋልት አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ጎማን ይይዛል፤ እዚያ መቆጠቢያው የጎማውን ንፋስ ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. አውርዶ በዝግታ መሄድ ነው። ሲመለሱ ሰመራ አስፋልት ላይ ከመውጣት በፊት መልሶ መሙላት ስለሚያስፈልግ ትንሽ ኮምፕረሰር ይያዝ። ውሃና ናፍጣ መኪናው ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ይታሰሩ፤ ላይ የሚወጣው ድንኳንና ፍራሽ ነው። ፖርቶመጋላው ደግሞ በብየዳ ሳይሆን በብሎን ይታሰር፤ ቱሉ ዲምቱ ሲደርሱ ሁለት ሰው በአንድ ቁልፍ ፈትቶ ያወርደዋል።